ተጎታች ቤታችንን ከክረምት ላተረፉልን አናጺ ምስጋና

ሰላም የጎንደር ልጆች። ክረምቱ ሳያልፍ አልጽፍም ብዬ ይዤው ነበር። ይኸው ጳጉሜን ገባ፤ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ደጅ የቆመችው ተጎታቻችን ውስጧ ደረቅ ነው። አሁን አፌን ሞልቼ ማመስገን እችላለሁ።

ለማታውቋት፣ አምና እኔና ባለቤቴ በመኪና የምትጎተት፣ ሁለት ሰው የምታስተኛ ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርተን ነበር። ከፊት ድቡልቡል ብላ ወደ ኋላ እየቀጠነች የምትሄድ፣ የውሃ ጠብታ የምትመስል ናት። አሜሪካኖች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየጓሯቸው የሚሠሯት ዓይነት። ወለሏ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው፣ ልክ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ። የኋላ ክዳኗ ሲነሳ ምድጃና ጀበና የሚቀመጥበት ማዕድ ቤት አላት። ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት አደርንባት፣ ስሜን ተራሮች ሳንቃበርም ድረስ ይዘናት ወጣን። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

አምና ሐምሌ ላይ ፍራሹን ሳነሳ ሥሩ ሻግቶ አገኘሁት። ያየነውን ስንጥቅ ሁሉ በሲሊኮን ደፈንን፤ ባሰበት። ባለሙያ ጠራን፣ እሱም ከላይ ቀለም ደረበበት። ሲሊኮን ላይ ቀለም አይዝምና በሁለት ሳምንት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ያን ሰሞን እንሽጣት እስከማለት ደርሰን ነበር።

አናጺውን ጋሼን ያገኘናቸው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሥራ ቦታቸው ከማራኪ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ነው። ገና እንዳይዋት ምንም ሳይናገሩ ወስፌ አወጡና በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተመታውን አልሙኒየም ተከትለው እንጨቱን ይወጉ ጀመር። ጠንካራ፣ አሁንም ጠንካራ፤ አንዱ ብሎን አጠገብ ሲደርሱ ወስፌው እስከ እጀታው ሰጠመ። «እታለም፣ ውሃው የገባው በዚህ በብሎኑ ቀዳዳ ነው። እናንተ ደግሞ በሲሊኮን መውጫውን ዘጋችሁበት» አሉኝ።

ሥራውን ተቀበሉ፣ ቀብድ ግን አልተቀበሉም። አልሙኒየሙን ነቅለው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው አወጡና በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆሟት። ባለቤቴ ሁለቴ ሄዶ ቶሎ እንዲጨርሱ ለመናቸው። «እርጥብ እንጨት አላለብስም» ብለው እስከ ኅዳር አጋማሽ አስጠበቁን። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ለዚያ ጥበቃ ነው።

ሥራቸውን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቫርኒሹን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አቅጥነው ጠርዙን አጠጡት፤ እንጨቱ መምጠጡን እስኪያቆም ድረስ እያወፈሩ ደጋገሙት። የብሎን ቀዳዳዎቹን ሁሉ አስፍተው በኢፖክሲ፣ ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ፣ ሞሉና ሲደርቅ እንደገና በቀጭኑ በሱ፤ አሁን ብሎኑ የሚነክሰው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ከዚያ ጣሪያውን ኮላ ቀብተው ሸራ አለበሱት፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እየጨመቁ። ልክ እንደ ሣር ቤት ክዳን ከታች ጀምረው ነው ወደ ላይ የወጡት፤ የላይኛው ሁልጊዜ የታችኛውን ይደርባል። በላዩ ሦስት እጅ የውጭ ቀለም ተቀባ። ከአልሙኒየሙ ሥር ሲሊኮን ሳይሆን የማይደርቀውን የቡቲል ማጣበቂያ አስገቡ፣ በማዕድ ቤቱ ክዳን ግራና ቀኝም ትንንሽ አሸንዳ ሠሩለት።

የርክክቡ ቀን መቼም አይረሳኝም። ከውስጥ በየመገጣጠሚያው ሶፍት ዘርግተው፣ እኔን ባትሪ አስይዘው አስገቡኝና ረዳታቸው ከላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በጎማ ውሃ ለቀቀባት። አንድ ሶፍት እንኳ አልራሰም። እሳቸው ግን እያንዳንዷን እየነኩ ካላረጋገጡ አልወጡም።

ሳንቃበር ያደርን ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥብብን እንደነበርም ነግሬያቸው ነበር። ያ ዝናብ አልነበረም፤ ሌሊት የተነፈስነው ትንፋሽ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ጣሪያው ላይ ወደ ውሃ ተለውጦ ነው። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ መተንፈሻ ከፈቱልንና እሱም ቀረ።

እግረ መንገዴን፣ እዚያው ግቢ ያለው ወጣት በያጅም ምስጋና ይገባዋል። ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኋላዋ ግራ ቀኝ እያለ ያስፈራን ነበር። ሁለቱን ጎማና መሳቢያዋን፣ ከመኪናው ጋር የምትያያዝበትን ጫፍ፣ በየተራ በእህል ሚዛን መዘነልን፤ ከ430 ኪሎ ውስጥ መሳቢያው ላይ ያረፈው 21 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶው እዚያ ማረፍ አለበት። አክሱሉን ከነባሌስትራው ወደ ኋላ አዛውሮ በየደው፣ መሳቢያው 52 ኪሎ ሆነ። አሁን ቀጥ ብላ ትከተላለች።

የተረፈውን ኮምፔንሳቶ ጠቅልለው መልሰውልናል፤ የጠየቁን የዘጠኝ ቀን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ተጎታችም ሆነ የሚያፈስ የእንጨት ጣሪያ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ግን ከመስቀል በኋላ ቶሎ ንገሯቸው፤ ዝናብ ከጀመረ ሸራ አያለብሱም።