የዳታ መሰብሰቢያ ካርድ ስትገዙ፦ የማንን ሰዓት ይሰማል?

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ስንለካ ነው የነቃሁት። ንዝረቱን በአንድ ካርድ (የሴንሰርን ምልክት ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚቀይር መሣሪያ)፣ ከረንቱን በሌላ ካርድ መዘገብን። ሁለቱን እኩል አስነሳናቸው። ውለን ስናየው አልገጥም አሉ። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ሰዓታቸውን በሽቦ አላገናኘንም።

እያንዳንዱ ካርድ ጊዜን የሚቆጥረው በውስጡ ባለው በራሱ ክሪስታል ምት ነው። ክሪስታሉ ከሚሊዮን በ50 ቢሳሳት በአንድ ሰዓት 0.18 ሰከንድ ይንሸራተታል። በሰከንድ 1,000 ንባብ ለሚወስድ ሰው 180 ንባብ ማለት ነው። ሁለት ከበሮ መቺ በየፊናው እንደመምታት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አይለውም።

ሦስት የናሽናል ኢንስትሩመንትስ ካርዶችን ላወዳድር።

ዩኤስቢ 6008 ርካሹ ነው። 12 ቢት (ቢቱ ሲበዛ ልኬቱ ይረቃል)፣ በሰከንድ 10,000 ንባብ። ያለችው አንዲት ፒኤፍአይ ፒን (የጊዜ ምልክት ማስገቢያ) ትሪገር፣ ማለትም የጀምር ምልክት፣ ትቀበላለች ወይም ምት ትቆጥራለች፤ የውጭ ሳምፕል ክሎክ፣ ማለትም እያንዳንዱ ንባብ መቼ እንደሚወሰድ የሚያዝ ምት፣ ግን አትቀበልም። ለተማሪ የሙቀት ልኬት ይበቃል። ሌላ አትጠብቁበት።

ዩኤስቢ 6211 ላይ ነገሩ ይለወጣል። 16 ቢት፣ በሰከንድ 250,000 ንባብ። ይህ ቁጥር ግን ለሁሉም ቻናል (የሴንሰር መግቢያ) የጋራ ነው፤ 16ቱንም ከተጠቀማችሁ ለእያንዳንዱ 15,625 ይደርሰዋል። 4 የፒኤፍአይ መግቢያና 4 መውጫ አለው። ከዘንጉ ኢንኮደር (ዘንጉ በዞረ ቁጥር ምት ከሚሰጥ ሴንሰር) የሚመጣውን ምት ሳምፕል ክሎክ ታደርጉታላችሁ፤ ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ንባቡ በሰከንድ ሳይሆን በዘንጉ የመዞሪያ ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ካርድ ካላችሁ የአንዱን ክሎክ በመውጫው አውጥታችሁ ለሌላው መግቢያ ስጡ። የኤሌክትሪክ መሬታቸውንም (ግራውንድ) አገናኙ። ተቀባዩን አስቀድማችሁ፣ ላኪውን አስከትላችሁ አስነሱ። ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ያመልጡታል።

ፒሲአይ ኤክስፕረስ 6321 ፍጥነቱ ያው 250,000 ነው። ልዩነቱ አርቲኤስአይ የሚባለው የካርዶች ማገናኛ መስመር ነው፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካርዶቹን በጠፍጣፋ ኬብል ታያይዟቸዋላችሁ፣ ክሎኩም ትሪገሩም በዚያው ያልፋል። ኬብሉን ሶፍትዌሩ ላይ ማስመዝገብ አትርሱ። ደግሞ ዋጋውን ስትጠይቁ ካርዱን ብቻ አትጠይቁ፤ 68 ፒን ኬብልና የሽቦ ማሰሪያ ሰሌዳ ለብቻ ይገዛሉ። የ6211 ማሰሪያ ብሎን እዚያው ሳጥኑ ላይ ነው።

ቋሚ ላብራቶሪ ውስጥ ሦስት አራት ካርድ ለሚያስር 6321ን እመርጣለሁ። ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ወርዶ ወፍጮ ቤት ለሚለካ ግን 6211 ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ሞተሩማ ይቆማል፣ እስከዚያ የለካችሁት ግን አይጠፋም።

ኢንኮደር ስትመርጡ ደግሞ 5 ቮልት የሚያወጣውን ፈልጉ። የፋብሪካዎቹ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ናቸው፤ በቀጥታ ካሰራችሁት ፒኑን ታቃጥላላችሁ። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ መሃል ላይ ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር አካል) አስገቡ።