የጣሪያችንን እንጨት ለመረመሩልን ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋና

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ጣሪያ የምታወጡ፣ አሮጌ ቤት የምታድሱ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት።

ከሳቸው በፊት ያየነውን ፈጣሪ ያውቀዋል። አንዱ ሻጭ «አንደኛ ደረጃ ነው» ብሎ ያስረከበን እንጨት ለዓይን ያማረ ነበር። ግን እርጥብ ነበርና ከተሰቀለ በኋላ ሲደርቅ ተጣመመ፣ ተሰነጠቀ። አቤት ብንል ሰሚ አጣን። ሌላው አናጺ ደግሞ የጥንካሬ ማህተም ያለበትን ወፍራም ተሸካሚ እንጨት በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቆ ገጠመልን። ስንጠይቀው ማህተሙን እያሳየ «ይኸው፣ የተፈተነ ነው!» አለን። ገንዘቡስ ይቅር፤ እናቴ እዚያ ጣሪያ ሥር መተኛት ፈርታ እህቴ ቤት ስታድር ከረመች። ሁሉም «እርጅና ነው» ይላት ነበር።

እኚህ የእንጨት ጥንካሬ ደረጃ መዳቢ ግን እያንዳንዱን እንጨት ዙሪያውን አዩ። ጉጡን፣ ማለትም ቅርንጫፍ የበቀለበትን ቦታ፣ ለኩ፣ እርጥበቱን በመሣሪያ አዩ፣ የእንጨቱን ክር አካሄድ በጣታቸው ተከተሉ። አናጺው ለሁለት የሰነጠቀው ተሸካሚ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ማህተሙ የተመታው ለሙሉው እንጨት ነው፤ ከተሰነጠቀ እንደ አዲስ መመደብ አለበት አሉ። ድሮ መሃል ላይ የነበረው ጉጥ አሁን ጠርዝ ላይ ወጥቷል። ሸክም ሲያጎብጠው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚወጠረው የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ክሩ እዚያ ላይ በጉጥ ከተቋረጠ መሰበር የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዱት ለማን መሰላችሁ? ለእናቴ! ወንበር አምጥተው አስቀመጧት፣ የዚያኑ ዓይነት ጉጥ ያለበት ቁራጭ አስይዘው በጣቷ አስዳሰሷት፤ ከዚያ «እማማ፣ የፈሩት በከንቱ አልነበረም» አሏት። እናቴ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። እግዜር ይስጣቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው!

ሲ 16፣ ሲ 24 ስለሚባሉት የአውሮፓ መለኪያ ምድቦችም ነግረውኛል። ኢኤን 338 በሚባለው ደረጃ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ 24 ማለት የመታጠፍ ጥንካሬው በስኩዌር ሚሊሜትር 24 ኒውተን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ስሌት ለመሐንዲሱ ትቼዋለሁ። እኔ አጥብቄ የያዝኩት ለጌጥ የሚወጣ ደረጃና ለጥንካሬ የሚወጣ ደረጃ ለየቅል መሆናቸውን ነው። ያማረ ሁሉ ሸክም አይችልም፤ ጉጥ ያለበትም ሁሉ አይጣልም። ለተሸካሚነት የማይሆኑትን እንኳ «ለመደርደሪያ ይሆኗችኋል» ብለው ለይተው አስቀመጡልን እንጂ ጣሉ አላሉንም። ሌላ ቢሆን ሁሉንም አስጥሎ አዲስ ያስገዛን ነበር።

እናቴ አሁን ክፍሏ ተመልሳለች።

ስማቸው በይፋ እንዲወጣ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ እንጨቱ ከተሰቀለ በኋላ ሳይሆን ገና ሳትገዙ ጥሯቸው።