ጎንደር ሆስፒታል የዓይን ክፍል ላለችው ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ

የጎንደር ሰዎች እንደምን ሰነበታችሁ። አራዳ ጥልፍ ስጠልፍ የምታውቁኝ፣ «ዓይኗን ምን ነካት?» ስትሉ የከረማችሁ፣ ዛሬ መልሱን ልንገራችሁ፤ ለዓይኔ የደረሰችልኝንም ልጅ ላመስግናት።

መጀመሪያ ዓይኔ ዝም ብሎ ያነባ፣ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኝ ነበር። አንድ ክሊኒክ «አለርጂ ነው» ብሎኝ 5 ወር ጠብታ አደረግሁ። እያደር ዓይኔ ወደ ውጭ ወጣ። ሰው «ምነው አፈጠጥሽብኝ» ይለኝ ጀመር፤ ጎረቤት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው አለ። እኔ የደነገጥኩት ግን ክር ሳስገባ ነው። አንዲቷ መርፌ ሁለት ሆና፣ አንዷ ከፍ አንዷ ዝቅ ብላ ታየችኝ። አንድ ዓይኔን ስከድን ተመልሳ አንድ ትሆናለች።

ልጅቷ እይታ የምትለካ ኦፕቶሜትሪስት ናት። ወረፋው በር ድረስ ሞልቶ ሳለ መነጽር ጽፋ ብትሸኘኝ ማንም አይወቅሳትም። እሷ ግን «እትዬ፣ የድሮ ፎቶ አለዎት?» አለችኝ። መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋት። ፊቴ አጠገብ ይዛ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ስታወርድ በዓይኔ ተከተልኩ፤ የላይኛው የዓይኔ ቆብ አብሮ አይወርድም፣ ወደኋላ ይቀራል። «ልብዎ ይመታል? ሙቀት አይችሉም? እየበሉ ይከሳሉ?» ሦስቱም አለብኝ! ማን ነገራት?

«የእንቅርት ሕመም ይመስላል» አለችኝ። «አንገቴ ላይ እንቅርት የለም እኮ» አልኳት። «ሳይታይም ይኖራል» ብላ ለውስጥ ደዌ ሐኪም ጻፈችልኝ። በደም ምርመራ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በዝቶ ተገኘ። ግሬቭስ ይሉታል። በሽታ የሚከላከለው የገዛ ሰውነታችን ተሳስቶ የታይሮይድ እጢን ያነሳሳል፣ ከዓይን ኋላ ያለውን ጡንቻና ስብም ያሳብጣል። ዙሪያው አጥንት ስለሆነ እብጠቱ ዓይንን ወደፊት ይገፋል። ጡንቻው ሲያብጥ ሁለቱ ዓይኖች እኩል አይዞሩም፤ የኔ መርፌ ሁለት የሆነችው ለዚህ ነው። ሴቶችን ይበልጥ ይይዛል። የደም ውጤታቸው ደህና ሆኖ ዓይናቸው ብቻ የሚታመምም አሉ፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ 7 ወር ሆኖኛል። ልቤ ተረጋግቷል። ዓይኔ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የዓይኑ ሕመም በራሱ ጊዜ ነው የሚበርደው፣ 1 ወይም 2 ዓመት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ መነጽሬ ላይ ፕሪዝም የሚሉት ብርሃን የሚያጣምም መስተዋት ተደርጎልኝ መርፌዋ አንድ ሆናለች። ማታ ዓይኔ ገጥሞ ስለማይከደን ቅባት አድርጌ፣ ትራስ ደርቤ እተኛለሁ። የሲጋራ ጭስ ሕመሙን እንደሚያብስ ስለነገረችኝም ባለቤቴ ቤት ውስጥ ማጨስ ትቷል፣ እሱም ይመስገን።

አንድ ነገር ደግማ ደጋግማ ነግራኛለች። ቀይ ክዳን ያለው የጠብታ ጠርሙስ ይዛ በየተራ በአንድ በአንድ ዓይኔ አሳየችኝና «በአንዱ ዓይን ቀዩ ፈዝዞ ከታየዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይምጡ። እብጠቱ የዓይንን ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ይችላል» አለችኝ።

ዓይናችሁ ከፈጠጠ፣ ካነባ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወደዚያ ክፍል ሂዱ፤ በጠዋት ድረሱ፣ የድሮ ፎቶም ያዙ። ጸበሉንም አልተውኩም፣ እናንተም አትተዉ፤ ምርመራውን ግን አታዘግዩ።

ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም። ለጥምቀት የምትለብሰውን ቀሚስ ግን የምጠልፍላት እኔ ነኝ። ጀምሬዋለሁ፣ በቀይ ክር።