ወፍራሙ ቀረፋ ወይስ ስሱ?

ባሕር ዳር ገበያ ገብቼ «ቀረፋ» ስል የሚመዘንልኝ ወፍራሙ ነው፤ ካሲያ። ስሱ፣ ሲሎን የሚባለው የስሪላንካው፣ እንደ ልብ አይገኝም። ሲገኝም ውድ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ካሲያ አንድ ወፍራም ልጣጭ ነው፤ ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። በእጅ ለመስበር ያስቸግራል። ሲሎን ግን ብዙ ስስ ልጣጭ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ነው፤ ጫን ሲሉት ይፈረካከሳል። ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሳይፈጭ ግዙት።

ለሻይ እኔ ካሲያን እመርጣለሁ። ጠዋት ጣና ዳር፣ ከቅርንፉድ ጋር ሲፈላ፣ ሽታው ከብርጭቆው ቀድሞ ይደርሳል። ሲሎን ለስለስ ይላል፤ ለኬክ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሲበዛ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ሲሎን ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው የኩማሪን ልክ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊግራም ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ሚሊግራም ማለት ነው። ሻይ ውስጥ ቁራጭ ጣል ለሚያደርግ ሰው ይህ አያሳስብም። «ለስኳር በሽታ ይበጃል» ብሎ ዱቄቱን በየቀኑ በማንኪያ የሚወስድ ግን ሲሎኑን ይፈልግ፤ ለሐኪሙም ይንገረው።