ሥዕልን በአንጎል ሞገድ ለማንቀሳቀስ የቱ ሴንሰር ይሻላል?

በኦግመንትድ ሪያሊቲ (በስልክ ወይም በመነጽር በምናየው እውነተኛ አካባቢ ላይ ምስል በሚጨምር ቴክኖሎጂ) የሚታይ ሥዕል ከተመልካቹ አንጎል ሞገድ ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ለምትፈልጉ፣ ከቻናል (ሴንሰሩ ሞገዱን ከሚለካባቸው ነጥቦች) ብዛት በፊት የሚመጣው ጥያቄ ሥዕሉ የሚታየው በስልክ ነው ወይስ በመነጽር የሚለው ነው። መነጽሩና ራስ ላይ የሚደረገው ሴንሰር አንዱን ግንባር ይሻማሉና።

ሚውዝ 2 የሚባለው ሴንሰር ግንባር ላይ ሁለት፣ ከጆሮ ጀርባ ሁለት ኤሌክትሮድ (ቆዳ ነክቶ ሞገዱን የሚያነብ ክፍል) አለው፤ በሴኮንድ 256 ጊዜ ይለካል። አራቱም ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ ስለሚያርፉ ጄልም ውሃም አይፈልግም። ሥዕሉ በስልክ ወይም በታብሌት የሚታይ ከሆነ ምርጫዬ ይኸው ነው። ከመነጽር ጋር ግን ይጋጫል፤ የመነጽሩ ማሰሪያ ኤሌክትሮዱን በነካው ቁጥር ሞገዱ ይረበሻል።

ኒውሮስካይ ማይንድዌቭ ግንባር ላይ አንድ ኤሌክትሮድ ብቻ ነው ያለው። ትኩረትንና እርጋታን ከ0 እስከ 100 በቁጥር ይሰጣል፤ ለጀማሪ ቀላል ነው። ቁጥሩ የሚታደሰው ግን በሴኮንድ አንዴ በመሆኑ፣ በፕሮግራም ካላለሰለሳችሁት ሥዕሉ ይዘላል።

ኢሞቲቭ ኤፖክ ኤክስ 14 ቻናል አለው፤ ኤሌክትሮዶቹ በጨው ውሃ መራስ አለባቸው። ለአንድ ተዋናይ መልካም ነው። ተመልካች ተሰልፎ ለሚጠብቅበት ኤግዚቢሽን አልመክረውም።

ለመነጽር ኦፕንቢሲአይ ሳይተንን እመርጣለሁ። 8 ቻናል አለው፣ በተጨማሪ ቦርድ 16 ይሆናል፤ ኤሌክትሮዱን የመነጽሩ ማሰሪያ የማይደርስበት ቦታ ላይ የምታስቀምጡት እናንተው ናችሁ። ንድፉም ለሁሉም ክፍት ነው። በምላሹ ትዕግሥትና የፕሮግራም ዕውቀት ይጠይቃል።

የትኛውንም ብትገዙ ስለ አልፋ ሞገድ አስቀድማችሁ አስቡ። ከ8 እስከ 12 ሄርትዝ (በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ) የሚመላለሰውና የእርጋታ ምልክት ተደርጎ የሚወሰደው ይህ ሞገድ ጎልቶ የሚወጣው ዓይን ሲጨፈን ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የሚታየው ዓይን ሲገለጥ! «ተረጋጋ፣ አበባው ይፈካል» የሚል ሥራ እዚህ ላይ ይወድቃል። እኔን ደስ የሚለኝ መፍትሔ ተመልካቹ ዓይኑን ጨፍኖ ቆይቶ ሲገልጥ አበባው አድጎ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ለዚህ ሚውዝም ይበቃል። ሳይተን ካላችሁ አንዱን ኤሌክትሮድ ከጭንቅላት በስተኋላ አድርጉት፤ አልፋ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው እዚያ ነው።

የዓይን ጥቅሻና የመንጋጋ ንክሻ ከአንጎል ሞገድ እጅግ የበረታ ምልክት ይሰጣሉ። እነሱን ከማጥፋት ይልቅ ቀለም መለወጫ ብታደርጓቸው ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሴንሰሩንና መነጽሩን አንድ ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁን ወዲያ ወዲህ አዙሩ፤ ሞገዱ ከተቆራረጠ ሌላ ሞክሩ።