ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ከደሴ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ ጠዋት እማዬን ይዤ ከደሴ በሚኒባስ ወጣሁ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ ከተማ ላይ ባጃጅ ያዝን።

ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከውጭ ዛፍ ሥር ሆና ተሳለመች። አንጀቴን በላችኝ።

እኔ ገባሁ። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በእግር ይደረሳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። አንድ አባት ሳይሰለቹ፣ ቀስ ብለው አስረዱኝ። እንዲህ ያለ አስጎብኚ በገንዘብም አይገኝ! ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ልብ ያሳርፋል።

የባጃጁ ልጅ ግን ስንመለስ ዋጋ ጨመረብን። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለእማዬ ጠበል በሃይላንድ ሞልቼ አመጣሁላት። ደሴ እስክንገባ ከእጇ አላወጣችውም።