የፍሬን ዘይት ሲገዙ፦ ዶት 3 ወይስ ዶት 4?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወስደው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ያወርዳል። በከባድ ማርሽ ሳይሆን ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ዲስኩንና ሸራውን ያግላል፤ ግለቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ቢነካም ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው፤ የሚለያቸው ዋናው ነገር በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈሉ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት እንዲህ ነው፦

ዶት 3፦ አዲስ ሳለ 205፣ እርጥበት ሲጠጣ 140
ዶት 4፦ አዲስ ሳለ 230፣ እርጥበት ሲጠጣ 155

«እርጥበት ሲጠጣ» የተባለው ውስጡ ያለው ውሃ 3.7 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ሁለቱም ዘይቶች ከአየር እርጥበት ይስባሉ። ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ፤ ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 በ50 ዲግሪ ቀድሞ ሊፈላ ይችላል። ውድ ዘይት አስሞልቶ አምስት ዓመት ከመርሳት፣ ርካሹን በየሁለት ዓመቱ መቀየር በእጅጉ ይሻላል።

የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ዶት 3 ከተጻፈና መኪናዎ ከከተማ ብዙም የማይወጣ ከሆነ ዶት 3 ይበቃል። ጭነት ወይም ቁልቁለት ከበዛ ዶት 4 ይግዙ፤ ዶት 3 በሚል መኪና ላይ ይሠራል። ክዳኑ ዶት 4 ካለ ግን ወደ 3 አይውረዱ። ዶት 5.1 ከሁለቱም ጋር ይስማማል፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከነዚህ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። ነጥቧን አይተው ይግዙ።

ማሸጊያው ያልተነካ ጠርሙስ ይምረጡ፤ ተከፍቶ የተቀመጠ ትራፊ አይቀበሉ። ሙሉ ለሙሉ ለመቀየር ለአብዛኛው የቤት መኪና አንድ ሊትር ይበቃል። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። የፍሬን ዘይቱ ራሱ ደግሞ ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይጠቡት።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ፔዳሉን ይፈትሹ። ደጋግመው ሲረግጡት የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠና የሚፈስ ነገር ከሌለ፣ የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ ሳያልቅ አልቀረም። ይህን ማንኛውም ዘይት አያስተካክለውም።